አጋም በጓሮ፦ የዱር ቁጥቋጦ ወደ ፍሬ ተክል

አጋም ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ የማያራግፍ፣ ሲቆረጥ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ የሚያወጣ፣ ጥንድ እሾህና ጥቁር ሐምራዊ ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ከወልድያ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ፣ ከዚያም ወደ ውርጌሳ በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ በድንጋያማው ተዳፋት፣ በወንዝ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን ደን ጠርዝና በአሮጌ የእርሻ ካብ ሥር ይበቅላል። ፍሬውን እረኛ ይለቅመዋል፤ የተረፈውን ወፍ ይበላዋል። ቅርንጫፉ እየተቆረጠ ከብት ለማገድ አጥር ይሆናል። ለፍሬው ብሎ ጓሮው የሚተክለው ሰው ግን እምብዛም ነው።

ዛሬ በዓለም ገበያ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ብሉቤሪም እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንዲሁ ከዱር የሚለቀም ፍሬ ነበር። ወደ እርሻ ያስገቡት ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንደኛው ተክሉ የሚፈልገውን አፈር ማወቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዱሩ መካከል ምርጡን ቁጥቋጦ ፈልጎ ያንኑ ማባዛት ነው። በሀብሩ ወረዳና በወልድያ አካባቢ ለአጋም የመጀመሪያው ሥራ ሳይደከምበት ተሠርቷል፤ አፈሩ የራሱ አፈር ነው። የቀረው ሁለተኛው ነው።

ተክሉና ጠባዩ

የአጋም ሳይንሳዊ ስም ካሪሳ ስፒናረም ነው፤ በቆዩ መጻሕፍት ካሪሳ ኤዱሊስ ተብሎም ይገኛል። ከአፍሪካ አንሥቶ በዓረብ ምድር በኩል እስከ ሕንድ፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያና አውስትራሊያ ድረስ ይበቅላል። ፒተር ፎርስኮል የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ከየመን መዝግቦት ነበር፤ ተመራማሪው እ.ኤ.አ. በ1763 እዚያው የመን ውስጥ በወባ ሲሞት፣ ጽሑፉ ከ12 ዓመት በኋላ በ1775 ታተመ።

ቁጥቋጦው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜትር ያድጋል፤ የሚደገፍበት ዛፍ ካገኘ 5 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቅጠሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ እሾሁም ጥንድ ነው። አበባው ከውስጥ ነጭ፣ ከውጭ ሮዝ ቀለም የነካው ሲሆን መዓዛው ከሩቅ ይሸታል፤ ንብም ይቀስመዋል። ፍሬው ክብ ወይም ሞላላ ነው፤ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ቀጥሎ ይቀላል፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ሐምራዊ ይለወጣል። በውስጡ ከሁለት እስከ አራት ጠፍጣፋ ዘር ይይዛል። ጥሬው ፍሬ ወተት ስላለው አፍ ላይ ይጣበቃል፤ የበሰለው ጣፋጭ ነው።

እሾሁ ቀላል የሚባል አይደለም። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለው ተረት ከዓይን ምስክርነት የተነሣ ነው፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው እሾሁ የቁልቋሉን ልጥ ይወጋል፣ ከተወጋውም ነጭ ፈሳሽ ይወርዳል። የቁልቋል ፈሳሽ ዓይን ከነካ ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ፍሬው የሚለቀምለት አጋም ከቁልቋል አጥር ራቅ ብሎ ይተከላል።

ከምረንዝ መለየት

አጋምን ከዱር የሚያመጣ ሰው በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ምረንዝን ነው። ምረንዝ የአጋም የቅርብ ዘመድ ነው። እርሱም ነጭ ወተት፣ ፊት ለፊት የሚወጡ ቅጠሎች፣ መዓዛ ያለው ነጭና ሮዝ አበባ፣ ሲበስል የሚጠቁር ፍሬ አለው። ነገር ግን በምሥራቅ አፍሪካ ለዘመናት የቀስት መርዝ የተቀመመበት ዕፅ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሌዮን አልበርት አርኖ እ.ኤ.አ. በ1888 ከዚሁ የተክል ወገን ዋባይን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ዋባይን የልብን አመታት ያዛባል፤ መጠኑ ሲበዛ ልብን ያቆማል።

ዋናው መለያ እሾህ ነው። አጋም ጥንድ እሾህ አለው፤ ምረንዝ እሾህ የለውም። የምረንዝ ቅጠል ከአጋም ይልቅ ትልቅ፣ ወፍራም፣ ደረቅና አብረቅራቂ ነው። አልፎ አልፎ እሾሁ ያነሰ አጋም ስለሚያጋጥም ደንቡ አንድ ብቻ ሊሆን ይገባል፦ ጥንድ እሾህ በግልጽ የማይታይበት ቁጥቋጦ ፍሬው አይቀመስም፣ ዘሩ አይወሰድም፣ ቅርንጫፉም አይቆረጥም። ሁለቱ ተክሎች በአንድ ተዳፋት ጎን ለጎን ሊበቅሉ ስለሚችሉ፣ ፍሬ የሚለቅሙ ልጆችም ይህን መለያ ማወቅ አለባቸው።

ብሉቤሪ በዚህ አፈር ለምን ይቸገራል

ብሉቤሪን በወልድያ ወይም በመርሳ ጓሮ ለማብቀል የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር አፈሩ ነው። ብሉቤሪ የሚፈልገው የአሲድነት መጠኑ በፒኤች መለኪያ ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ፣ ብስባሽ የበዛበትና ውሃ የማያቁር አፈር ነው። ሥሩ ጥልቀት የለውም፤ እንደ ሌሎች ዕፅዋት ውሃና ምግብ የሚመጥጡ የሥር ፀጉሮችም የሉትም። ምግቡን የሚያገኘው ከሥሩ ጋር ተዋሕደው በሚኖሩ ፈንገሶች እርዳታ ነው። አሲድነቱ ባነሰ አፈር ላይ ሲተከል ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር መውሰድ ያቅተዋል። ያን ጊዜ የቅጠሉ ሥሮች አረንጓዴ እንደ ሆኑ መካከሉ ቢጫ ይሆናል፤ ተክሉም እየቀጨጨ ይሄዳል።

በሀብሩ ሜዳ ያለው ዋልካ በአብዛኛው ወደ ገለልተኛ የሚጠጋ፣ በክረምት ውሃ የሚያቁር፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። በሁለቱም መንገድ ለብሉቤሪ አይመቸውም። በዚያው በአማራ ክልል በምዕራቡ ወገን፣ በአዊና በጎጃም ከፍተኛ ቦታዎች፣ ገበሬው ኖራ እየጨመረ የሚያክመው አሲዳማ አፈር ይልቅ ይቀርበዋል። በሰሜን ወሎ የብሉቤሪን የሥጋ ዘመድ ለማየት ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። በላስታ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ3000 ሜትር በላይ የሚበቅለው አስታ ከብሉቤሪ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የሚኖረውም በብርድ፣ በጉምና በጥቁር ብስባሽ አፈር ላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር የብርድ ማነስ ነው። የሰሜን አሜሪካው የቆየ ዝርያ ክረምቱን ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ለብዙ መቶ ሰዓታት ካልቀዘቀዘ በወጉ አያብብም። ፍሎሪዳ ውስጥ ለሞቃት አገር የተዳቀሉት ዝርያዎች ይህን ፍላጎት በእጅጉ ስለቀነሱት ዛሬ በፔሩና በሞሮኮ በሰፊው ይመረታሉ። ስለዚህ በወልድያም ቢሆን የሞቃት አገር ዝርያ አግኝቶ፣ 40 ሊትር ገደማ በሚይዝ ዕቃ ውስጥ በሰልፈር አሲድነቱ የተስተካከለ አፈር ሞልቶና የዝናብ ውሃ አጠራቅሞ ማጠጣት ለሚችል ሰው በሩ ዝግ አይደለም። ወጪውና ክትትሉ ግን የዕለት ተዕለት ነው። አጋም ከዚህ አንዱንም አይጠይቅም።

ወላጁን መምረጥ

ብሉቤሪ ከዱር የወጣበት መንገድ ለአጋም ጥሩ መማሪያ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ኮቪል እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ጽሑፍ ብሉቤሪ አሲዳማ አፈር እንደሚፈልግ አሳየ። ጽሑፉን ያነበበችው ኤልሳቤጥ ዋይት በኒው ጀርሲ የቤተሰቧ እርሻ ላይ አብረው እንዲሠሩ ጋበዘችው። ዋይት በአካባቢው ጫካ ፍሬ ለሚለቅሙ ሰዎች 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ የተበሳበት መለኪያ አደለች። በቀዳዳው የማያልፍ ትልቅ ፍሬ የሚያፈራ ቁጥቋጦ ላገኘ ሰው ገንዘብ ከፈለች፤ ቁጥቋጦውንም በአግኚው ስም ሰየመች። ሩበል የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከአንዱ ለቃሚ ሲሆን እስከ ዛሬም ይተከላል። በእርሻ የተመረተው የመጀመሪያው ብሉቤሪ ለገበያ የቀረበው በ1916 ነው።

የአጋም ዘመዶችም በሌላ አገር ተመሳሳይ ዕድል አግኝተዋል። በሕንድ ካራንዳ የሚባለው ዘመዱ ለአቻርና ለማርማላታ ይውላል፤ በፓንትናጋር የግብርና ዩኒቨርሲቲም ፓንት ማኖሃር፣ ፓንት ሱዳርሻንና ፓንት ሱቫርና የተባሉ ዝርያዎች ተመርጠውለታል። የደቡብ አፍሪካው የናታል አጋም ደግሞ ትልቅ ቀይ ፍሬ ያለው ሲሆን በብዙ ሞቃት አገሮች ለአጥርና ለጌጥ ይተከላል።

መምረጥ ለሀብሩ ገበሬ እንግዳ ሥራ አይደለም። ለዘር የሚሆነውን የማሽላ ዛላ ከአጨዳ በፊት ማሳው ውስጥ እየተዘዋወረ ይለያል። በወረዳው የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱን በወረዳው ቦታ ስም ግራና-1 ብሎታል። በማሽላና በአጋም መካከል ግን አንድ ልዩነት አለ። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከመልካም ዛላ የተገኘ ዘር እናቱን ይመስላል። የአጋም አበባ ግን ከሌላ ቁጥቋጦ የመጣ ብናኝ ሊቀበል ስለሚችል፣ ከጣፋጭ እናት የተለቀመ ዘር ጣፋጭ ልጅ ለማውጣቱ ዋስትና የለም። የእናቱን ጠባይ ሳይለወጥ ለማቆየት ከራሷ ከእናቲቱ ቅርንጫፍ ማባዛት ያስፈልጋል።

ለምርጫው ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከቆርቆሮ ክዳን ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ተበስቶ ፍሬው በእርሱ ይፈተናል። ከመጠኑ ሌላ የሚታዩት አምስት ነገሮች ናቸው፦ ጣዕሙ፣ የዘሩ ማነስ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሚገኘው የፍሬ ብዛት፣ ፍሬው በአንድነት ወይስ ተራ በተራ መብሰሉ፣ እንዲሁም የእሾሁ ብዛት። መልካም የመሰለው ቁጥቋጦ ጨርቅ ታስሮበት ቢያንስ ሁለት ዓመት ይታያል። የበልጉ ዝናብ በአንድ ዓመት ይመጣል፣ በሌላው ይቀራል፤ በጥሩ ዓመት ብቻ የታየ ቁጥቋጦ የድርቁን ዓመት ጠባዩን አይናገርም። ቁጥቋጦው በሰው ይዞታ ወይም በቤተ ክርስቲያን ክልል ከሆነ አስቀድሞ ባለቤቱን ማስፈቀድ ይገባል። የዱሩን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ማምጣት ግን አይመከርም፤ ትልቅ አጋም ሲነቀል ሥሩ ይበጣጠሳል፣ በአዲሱ ቦታም ብዙ ጊዜ አይጸድቅም።

ማባዛት

በዘር ማባዛት ቀላሉ መንገድ ነው፤ ለአጥር የሚሆን ብዙ ችግኝ ለሚፈልግም ይበቃል። ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ፍሬ ተለቅሞ በውሃ ውስጥ ይታሻል፤ ሥጋው ታጥቦ ዘሩ ብቻ ይቀራል። ዘሩ ጥላ ላይ ይደርቅና ሳይቆይ ይዘራል፤ ትኩስ ዘር የተለየ ዝግጅት አይፈልግም። በችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ሦስት እጅ ለም አፈር፣ ሁለት እጅ አሸዋና አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ተቀላቅሎ ዘሩ የራሱን ውፍረት በማይበልጥ አፈር ይሸፈናል። ቡቃያው መጀመሪያ ላይ አዝጋሚ ስለ ሆነ እስኪጠነክር ድረስ በከፊል ጥላ ይቆያል።

የተመረጠችን እናት ለማባዛት የሚሻለው ቅርንጫፍ መቅበር ነው። ከመሬት የቀረበ ለስላሳ ቅርንጫፍ ተመርጦ፣ ከታች በኩል ልጡ በቢላዋ ይፋቅና የተፋቀው ቦታ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ እንዳይነሣም ድንጋይ ይጫነዋል። ጫፉ ወደ ላይ ወጥቶ ይቀራል። አፈሩ እርጥበቱን ከጠበቀ ቅርንጫፉ ከእናቱ ምግብ እያገኘ ሥር ያወጣል። የክረምቱ ዝናብ ሲገባ የተቀበረ ቅርንጫፍ ውሃ የማጠጣትን ድካም ይቀንሳል። ሥሩ በደንብ ከያዘ በኋላ ከእናቱ ተቆርጦ ወደ ፕላስቲክ ይዛወራል።

የተቆረጠ ቅርንጫፍ አሸዋ ውስጥ ተክሎ ሥር ማስወጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን ወተት የበዛባቸው እንዲህ ያሉ ተክሎች ሥር ለማውጣት ይዘገያሉ። ለናታል አጋም የሚሠራበት ዘዴ እዚህም ሊሞከር ይችላል። ቅርንጫፉ ሳይቆረጥ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ይሰነጠቅና ወደ ታች ታጥፎ ሁለት ወር ያህል ይተዋል። ቁስሉ ሲያብጥ ተቆርጦ አሸዋ ውስጥ ይተከላል።

ተከላ

መርሳ 1600 ሜትር፣ ወልድያ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ለአጋም ይመቻሉ። ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ብዙ ፍሬ ይሰጣል፤ በጥላ ያለ አጋም ወደ ላይ ይመዛል፣ አበባውም ያንሳል። ድንጋያማ ወይም ቀይ አፈር ጥሩ ነው። ጓሮው ዋልካ ከሆነ ክረምት ላይ ውሃ እንዳያቁርበት አፈሩ ከፍ ተደርጎ መደብ ይሠራለትና በመደቡ ላይ ይተከላል።

ጉድጓዱ በየአቅጣጫው 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከተከላው ሳምንታት አስቀድሞ ይቆፈራል። የላይኛው ለም አፈር ለብቻው፣ የታችኛው ለብቻው ይከመራል። በተከላ ጊዜ የላይኛው አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር ተቀላቅሎ መጀመሪያ ይገባል። ችግኙ የሚተከለው የክረምቱ ዝናብ በተስተካከለበት በሐምሌ ነው፤ እስከ መስከረም ድረስ ሥሩ ይዞ በጋውን ይቀበላል። የበልግ ዝናብ ስለማያስተማምን በየካቲት ወይም በመጋቢት የሚተከል ችግኝ ውሃ የሚጠጣበት አስተማማኝ ምንጭ ይፈልጋል።

ርቀቱ እንደ ዓላማው ይለያያል። ለአጥር የሚተከለው እርስ በርሱ እስከ 1 ሜትር ይቀራረባል። ለፍሬ የሚተከለው ግን ለቃሚው ዙሪያውን መዞር እንዲችል 2 ሜትር ተኩል ይራራቃል። አበባው በሚገባ እንዲያፈራም ከአንድ እናት የመጡትን ብቻ ሳይሆን ከሁለት ወይም ከሦስት እናቶች የተገኙትን እያፈራረቁ መትከል ይበጃል።

እንክብካቤ

የመጀመሪያው ጠላት ፍየል ነው። ጎልማሳው አጋም በእሾሁ ራሱን ይከላከላል፤ ለጋውን ችግኝ ግን ፍየል ከነግንዱ ትበላዋለች። ስለዚህ ችግኙ እስኪጠነክር ድረስ የግራር እሾህ ይከበብለታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ ውሃ ይጠጣል። ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ በሣር ወይም በማሽላ አገዳ መጎዝጎዝ እርጥበቱን ይዞ ያቆያል። ሥሩ ጠልቆ ከገባ በኋላ ያለ መስኖ ይኖራል፤ ፍሬ ሲቋጥር የሚያገኘው ውሃ ግን ፍሬውን ያወፍረዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመከርከም ላይ ነው። አጋም የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ እንደ አጥር በየጊዜው ዙሪያውን የሚከረከም ቁጥቋጦ አበባው አብሮ ይቆረጣል። አጥሩም ሁልጊዜ አረንጓዴና ፍሬ አልባ ይሆናል። ፍሬ የሚፈለግበት ተክል የሚከረከመው ለቀማው እንዳበቃ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የደረቁና እርስ በርስ የሚፋተጉ ቅርንጫፎች ከሥራቸው ይወጣሉ፤ መካከሉ ተከፍቶ ብርሃን ያገኛል፤ ቁመቱም ከሰው ትከሻ እንዳያልፍ ይደረጋል። አጥርም ፍሬም የሚፈልግ ባለቤት በመንገድ በኩል ያለውን ገጽ እየከረከመ በጓሮ በኩል ያለውን ይተዋል። በሥራው ጊዜ ቅርንጫፉ በባላ ተይዞ በመቀስ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውም ባዶ እግሩን የሚሄድ ልጅ እንዳይወጋ ወዲያው ይነሣል።

ለቀማና አጠቃቀም

በአንድ ቁጥቋጦ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይና ጥቁር ፍሬ በአንድ ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ለቀማው በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይደጋገማል። የበሰለው ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ በጣት ሲነካ ሳይጎተት ይለቃል፤ ወተቱም እምብዛም አይታይም። ቀዩ ተለቅሞ ቢቀመጥ የዛፉን ጣፋጭነት አያገኝም። ወፎች ቀድመው እንዳይጨርሱት ማለዳ መልቀም ይረዳል። ልጣጩ ስስ በመሆኑ ፍሬው ጠፍጣፋ ሰፌድ ላይ በስሱ ይሰጣል፤ በጥልቅ ዕቃ ከተከመረ የታችኛው ይጨፈለቃል። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ስለማይቆይ ትኩስ ያልተበላው ወደ ማርማላታ ይለወጣል።

ለማርማላታ የታጠበው ፍሬ በጥቂት ውሃ እስኪፈርስ ይቀቀላል። ድስቱ ሸክላ ወይም የማይዝግ ብረት እንጂ አልሙኒየም አይሁን። ወተቱ በድስቱ ጠርዝ ላይ ከተጣበቀ በምግብ ዘይት ሲታሽ ይለቃል። የፈረሰው ፍሬ በወንፊት ተጠልሎ ዘሩ ይቀራል። ለአንድ ኪሎ ጭማቂ ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳርና የአንድ ሎሚ ውሃ ይጨመርና እየተማሰለ እስኪወፍር በመጠነኛ እሳት ይበስላል። ትኩሱ በፈላ ውሃ በተቀቀለ ጠርሙስ ተሞልቶ ወዲያው ይከደናል።

ከፍሬው ሌላ ሥሩ በባህል ሕክምና ይታወቃል፤ ለቡዳ ይታጠናል፣ ለልዩ ልዩ ሕመምም ይወሰዳል። ሥር መቆፈር ግን ተክሉን ይጎዳል፤ መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት መጠጣትም አደጋ አለው። ለፍሬ የተተከለ አጋም ሥሩ ባይነካ ይመረጣል። ማርማላታ ሲሠራ በወንፊት የቀረው ዘር ስለተቀቀለ አይበቅልም፤ ስለዚህ ለችግኝ የሚሆነው ፍሬ ድስቱ ከመጣዱ በፊት፣ የእናቱ ምልክት ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጣል።